አኳራጅ፦ ስሙ ከየት መጣ? ጠርሙሱ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?

የግቢያችንን የብረት በር ያስቀባሁ ዕለት ነው ይህን ቃል በደንብ ልብ ያልኩት። ቀቢው በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የቀለሙን ጣሳ ከፍተው በእንጨት አማሰሉና «ወፍሯል። ልጄ፣ አንድ ሊትር አኳራጅ ይዘህልኝ ና» አሉኝ። ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ ሻጩ «አኳራጅ አልቋል፤ ቲነር ውሰድ፣ ያው ነው» አለኝ። አምኜው ገዝቼ ተመለስኩ።

ጋሼ የጠርሙሱን ክዳን ገና ሲፈቱት «ይሄ አኳራጅ አይደለም» አሉ። ከዚያ እንድማር ብለው ይመስለኛል፣ የጨርቅ ጫፍ ነክረው ከታች ጥግ ላይ፣ በማይታይ ቦታ፣ በሩን አበስ አደረጉት። ከዓመታት በፊት የተቀባውና እንደ ድንጋይ የጠነከረው ቀለም በደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት ቆዳ ተሸበሸበ። በጥፍራቸው ሲነኩት እስከ ብረቱ ተገፎ ወጣ። «አየህ፣ ያው አይደለም። እኔ የምፈልገው የሚያቀጥን ነው፤ ይሄ የሚልጥ ነው» አሉኝ።

ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ውሃ የመሰሉ ፈሳሾች ናቸው። ሁለቱም የሚሸጡት ከአንድ መደርደሪያ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ነው። ለዓይን የሚለያያቸው ስማቸው ብቻ ነው። ስሙን በትክክል ያላወቀ ሰው ወይ ቀለሙን ያበላሻል፣ ወይ ገንዘቡን ያባክናል፣ ሲከፋም ጤናውን ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አኳራጅ የሚለውን ስም ከሥሩ ጀምሮ ያብራራል።

ባጭሩ ምንድን ነው?

አኳራጅ የዘይት ቀለምን፣ በገበያ ስሙ ሲንቴቲክ የምንለውን፣ ለማቅጠን የሚጨመር ፈሳሽ ነው። በተጨማሪም ቀለሙ ሳይደርቅ ብሩሽና ሩሎ ለማጠብ፣ መሬት ላይ ወይም መስታወት ላይ የተንጠባጠበ ቀለም ለማንሳት፣ ከብረት ላይ ቅባትና ግራሶ ለመጥረግ ያገለግላል። አንዳንዱ አኳራጃ ይለዋል፣ አንዳንዱ አኩዋራጅ ብሎ ይጽፈዋል። ሁሉም አንድ ነው።

ስሙ ምን ማለት ነው?

ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። «አኳ» ውሃ ማለት ሲሆን «ራጃ» ደግሞ ከጥድና ከመሰል ዛፎች ግንድ የሚወጣው ሙጫ ነው። ሲገጣጠሙ «የሙጫ ውሃ» ይሆናሉ። ጣሊያንኛው ሦስት ፊደል ከአናባቢ ጋር ደርድሮ የሚጽፈውን ድምፅ የእኛ ፊደል በአንዲት «ኳ» ይጨርሰዋል። ምናልባትም ቃሉ በአማርኛ አፍ ላይ እንግዳ ሳይሆን የቀረው ስለዚህ ነው። የመጨረሻዋን አናባቢ ብቻ ጣልንና አኳራጅ አልነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠራ። ሐኪም ቤት የምንነሳው ራጅም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ግን ከሌላ ቃል። እሱ «ራጂ» ከሚለው፣ ጨረር ማለት ከሆነው ቃል የተወሰደ ነው። ሙጫውና ጨረሩ በጣሊያንኛ የተለያዩ ሲሆኑ አማርኛ የሁለቱንም መጨረሻ ስለቆረጠው አንድ ዓይነት ድምፅ ሆኑ። በአኳራጅ ውስጥ ያለው ራጅ ከጨረር ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ውሃ ካልሆነ ታዲያ ለምን ውሃ ተባለ? መልሱ ያለው የጥንት ጠማቂዎች ቤት ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጋኑ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ቀዝቅዞም ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። የሚወርደው ጥርት ያለ ስለሆነ ለዓይን ውሃ ነው። አውሮፓውያን ጠማቂዎችም በዚህ መንገድ ጠብ ያለውን ሁሉ ውሃ እያሉ ሰየሙት። ጠንካራውን መጠጥ የሕይወት ውሃ አሉት። መዳብ የሚበላውን ናይትሪክ አሲድ ብርቱ ውሃ አሉት። ከጥድ ሙጫ የወረደውን ደግሞ የሙጫ ውሃ ብለው ጠሩት። እኛም ብንሆን አሲድ ያለበትን የባትሪ ውሃ ስንል ያደረግነው ይህንኑ ነው። ዓይን ያየውን ጠራን፤ ባሕርይው ግን ሌላ ነው።

በላቲን «አኳ ሬጂያ» የሚባል ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ትርጉሙ የንጉሥ ውሃ ነው። ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተቀላቅለው የሚሠሩት፣ ወርቅን ሳይቀር የሚያሟሟ፣ ቆዳና ሳንባ የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው። ከወርቅ ሥራና ከቤተ ሙከራ ውጭ ቦታ የለውም። በስም ቢቀራረቡም አኳራጅ አሲድ አይደለም፣ አኳ ሬጂያም ቀለም አያቀጥንም።

ወደ አማርኛ እንዴት ገባ?

ጣሊያን ኤርትራን ከያዘችበት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ቀጥሎም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን፣ የግንባታ፣ የጋራዥና የእንጨት ሥራ ቃላት በብዛት ወደ ቋንቋችን ገቡ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ጎሚስታ፣ ጀሶ፣ ስቱኮ፣ ኮላ፣ ሩሎ ሁሉም በዚያ በር የገቡ ናቸው። የምናለሰልስበትን ብርጭቆ ወረቀት እንኳ ጣሊያንኛው «ባለ ብርጭቆ ወረቀት» እያለ ነው የሚጠራው። ወራሪው ሲወጣ ሙያው ከሠራተኛው እጅ ጋር ቀረ፤ የመሣሪያውና የዕቃው ስምም አብሮት ቀረ። አኳራጅ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከቀቢ ወደ ረዳት፣ በአፍ ሲተላለፍ ኖሮ እኛ ጋ ደረሰ።

ከዛፍ ወደ ነዳጅ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አኳራጅ የሚለው ስም ሲወጣ እውነትም ለነገሩ የተገባ ነበር። የጥድ ዘመድ የሆነው ፓይን ግንዱ ሲጫር ተጣባቂ ሙጫ ያነባል። እኛ አገር ከዕጣን ዛፍና ከከርቤ ግንድ ላይ እንደሚሰበሰበው ማለት ነው። ያ ሙጫ በጋን ተደርጎ ሲፈላ ለሁለት ይከፈላል። በእንፋሎት ወጥቶ የሚጠባጠበው ጥርት ያለ ዘይት በእንግሊዝኛ ተርፔንታይን፣ በጣሊያንኛ አኳራጃ የተባለው ነው። ጋኑ ውስጥ የሚቀረው ደግሞ ብጫ፣ ተሰባሪ፣ ድንጋይ መሳይ ሙጫ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቾች ደጋናቸውን የሚያሹት በዚሁ ሙጫ ነው፤ የእኛም አዝማሪ የማሲንቆውን ጭራ በዕጣን ወይም በሙጫ ሲያሽ የሚፈልገው ያንኑ የመያዝ ኃይል ነው።

ተርፔንታይን የሚለው ስምም ቢሆን ከሌላ ዛፍ የመጣ ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅል ቴሬቢንት የሚባል፣ የፒስታቺዮ ዘመድ የሆነ ዛፍ አለ። የጥንት ግሪኮች ሙጫውን ይሰበስቡ ነበር። በኋላ የፓይን ሙጫ በብዛትና በርካሽ ሲገኝ የቴሬቢንትን ስም ወረሰ። ስለዚህ ይህ ፈሳሽ ገና ከዛፍ ወደ ነዳጅ ሳይሻገር እንኳ አንድ ጊዜ ስም ወርሷል ማለት ነው።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። የነዳጅ ማጣሪያዎች ድፍድፉን በሙቀት ሲከፋፍሉ በቤንዚንና በነጭ ጋዝ መካከል የሚወጣ አንድ ፈሳሽ አገኙ። ከቤንዚን ይከብዳል፣ ከነጭ ጋዝ ይቀላል። የዘይት ቀለም ያቀጥናል፣ እንደ ቤንዚንም ቶሎ አይነድም፣ ዋጋውም ከዛፉ ዘይት በጣም ይረክሳል። መጀመሪያ የተሸጠው የተርፔንታይን ምትክ ተብሎ ነው። ቀስ በቀስ ምትኩ ዋናውን ከገበያ አስወጣው፣ ስሙንም ይዞ ቀረ። ዛሬ ጣሊያን ውስጥ እንኳ ቀለም ቤት ገብተው አኳራጃ ቢሉ በአብዛኛው የሚሰጥዎ ከነዳጅ የወጣው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው አኳራጅ ስሙ የሙጫ ውሃ ነው፤ ውስጡ ግን ውሃም የለበትም፣ ሙጫም የለበትም። ስሙ ነገሩ ከየት እንደመጣ ያስታውሳል፤ አሁን ምን እንደሆነ አይነግርም። የዛፉን ዘይት ዛሬም የሚፈልጉት በተለይ በዘይት ቀለም ሥዕል የሚሠሩ ሠዓሊዎች ናቸው። ልዩነቱን አፍንጫ ያውቀዋል፤ የዛፉ ዘይት የጥድ ደን ያሸታል፣ የነዳጁ ደግሞ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይላል።

ቀለም ውስጥ ምን ይሠራል?

ሲንቴቲክ ቀለም ሦስት ነገር ነው። ቀለም የሚሰጠው ዱቄት፣ ዱቄቱን አያይዞ ግድግዳው ወይም ብረቱ ላይ የሚያጣብቀው ሙጫ፣ ሁለቱን የሚያንሸራሽረው ፈሳሽ። አኳራጅ ሦስተኛው ነው። ሙጫውን አላልቶ ብሩሽ እንዲስበው ያደርጋል፤ ሥራው ሲያበቃ ተንኖ ይሄዳል። ቀለሙ ላይ መቅረት የለበትም።

ሲንቴቲክ ቀለም የሚደርቀው ግን በሁለት እርከን ነው። መጀመሪያ አኳራጁ ይተናል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙ ሲነካ አይጣበቅም፣ ግን ገና ለስላሳ ነው። ቀጥሎ በሙጫው ውስጥ ያለው ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠነክራል። ይህ ሰዓታትን፣ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ደግሞ ቀናትን ይወስዳል። ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ ጣሳ ላይ ቀለም ቆዳ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆዳውን አኳራጅ መልሶ አያሟሟውም፤ አንስቶ መጣል ነው።

ምን ያህል ይጨመር ለሚለው የመጀመሪያው ዳኛ ጣሳው ላይ የተጻፈው ነው። በብሩሽ ለሚቀባ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። ባለ 4 ሊትሩን ጋሎን ከወሰድን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በኮምፕሬሰር ለሚረጭ ከዚህ ይበልጣል። አኳራጅ ሲበዛ ቀለሙ እንባ እያወጣ ይወርዳል፣ የሥሩን አይሸፍንም፣ አንጸባራቂነቱም ይደበዝዛል። ባለቤቱ ጋሎን የቆጠበ ይመስለዋል፤ ግን ሦስተኛ እጅ መቀባት ግድ ይሆንበታል። አኳራጅ አልቆ በነጭ ጋዝ መተካትም እንዲሁ ነው። ነጭ ጋዝ ከባድ ክፍል ስላለው ቶሎ ተንኖ አይወጣም። ቀለሙ ለቀናት ይጣበቃል፣ አቧራም ይለቅማል።

አኳራጅ፣ ቲነር፣ ውሃ፦ የቱ ለየቱ?

የሱቁ ስህተት የመጣው ከዚህ ነው። የቀለም ሥራ ሦስት በሮች እንዳሉት ቢያስቡ ይቀላል፤ እያንዳንዱ በር የራሱ ቁልፍ አለው።

ፕላስቲክ ቀለም፣ ማለትም የቤት ግድግዳ የሚቀባበት፣ የሚቀጥነው በውሃ ነው። ብሩሹም የሚታጠበው በውሃና በሳሙና ነው። አኳራጅ ቢጨመርበት ይቋጠራል እንጂ አይቀጥንም።

ሲንቴቲክ ቀለም፣ አብዛኛው አንቲረስት፣ የዘይት ቫርኒሽ የሚቀጥኑት በአኳራጅ ነው። የብረት በርና መስኮት፣ የውጭ እንጨት፣ የደረጃ መደገፊያ በብዛት የሚቀቡት በነዚህ ነው።

ናይትሮ የሚባለው የመኪናና የቤት ዕቃ ቀለም የሚቀጥነው በቲነር ነው። ቲነር አንድ ነገር አይደለም፤ እንደ አሴቶንና ቶሉዊን ያሉ ኃይለኛ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ሽታው ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጋር ይቀራረባል። ኃይሉ ብዙ ስለሆነ የደረቀ ሲንቴቲክን ያኮማትራል፤ በጋሼ ጨርቅ ሥር ያየሁት ይህንን ነው። በተቃራኒው አኳራጅ ናይትሮ ቀለም ውስጥ ቢገባ አቅም ያንሰዋል፤ ቀለሙ እንደ ተቆራረጠ ወተት ይሆናል። ኃይለኛውን ብቻ መያዝ ሁሉን ይፈታል ማለት አያዋጣም።

የማያውቁት ጠርሙስ ከገጠመዎ ጨርቅ ነክረው ከማይታይ ቦታ ላይ አንዲት ጥግ ይሞክሩ። አፍንጫን አፉ ላይ ደፍቶ ማሽተት ግን አያስፈልግም።

ውጭ አገር ሲሄዱ ስሙ ይቀየራል

ቤቱን ራሱ ለመቀባት ዕቃ ሊገዛ የሄደ ወገናችን አገሩ ጣሊያን እስካልሆነ ድረስ አኳራጅ ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው የለም። እንግሊዝ አገር ስሙ ኋይት ስፒሪት ነው። አሜሪካ ሚነራል ስፒሪትስ ይሉታል። አውስትራሊያ ሚነራል ተርፐንታይን፣ ባጭሩም ተርፕስ ይባላል። ጀርመን ቴስትቤንዚን የሚል ስም አለው። እስራኤል ውስጥ ቴርፔንቲን ሲባል ብዙ ጊዜ ከነዳጅ የወጣው ነው። አሜሪካ ውስጥ ስቶዳርድ ሶልቨንት የሚባለውም የዚሁ ወገን ነው። ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ልብስ በደረቅ ማጠቢያ ለእሳት የማያጋልጥ የተሻለ ፈሳሽ ይፈልግ ከነበረው የአትላንታው ልብስ አጣቢ ከስቶዳርድ ነው።

ሦስት ወጥመዶችን ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ ፔይንት ቲነር የሚል ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ በአብዛኛው የእኛው አኳራጅ ነው። የእኛ ቲነር እዚያ ላከር ቲነር ይባላል። ስማቸው ተገለባብጧል። ሁለተኛ፣ ናፍታ የሚል ጽሑፍ ያዩ እንደሆነ የመኪና ናፍጣ እንዳይመስልዎ። ከአኳራጅ ቀለል ያለ፣ ቶሎ የሚተንና ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ሦስተኛ፣ ስፒሪት የሚለው ቃል እኛ ጋ ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል አልኮል ያስታውሳል። ኋይት ስፒሪት ግን አልኮል የለበትም፤ ለቁስል አይሆንም።

ጥንቃቄ

እስካሁን ያልኩት ቀለሙ እንዳይበላሽ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ አንባቢዬ ሌላውን ቢረሳ ይህን እንዳይረሳ እለምናለሁ።

እሳት። በብዛት የሚሸጠው አኳራጅ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ላዩ ላይ የሚነድ እንፋሎት ይሰበስባል። ቆላ ላይ፣ አፋር ውስጥ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ፣ ይህ የውጭው አየር ሙቀት ነው። ቲነር ደግሞ በደጋም ይቀጣጠላል። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል። የከሰል ምድጃችን ያለውም እዚያው ወለሉ ላይ ነው። ቀለም የተቀባበት ክፍል ሽታው እንዲወጣ ብሎ ዕጣን ማጨስ፣ ፍም ይዞ መግባት፣ ቡና ማፍላት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሽታ የሚያወጣው የተከፈተ መስኮት ነው።

ጨርቅ። ሲንቴቲክ ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር በመዋሐዱ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ዘርግተው ውጭ ያድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ነክረው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያስቀምጡት።

መተንፈስ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ ያን ጊዜ ሥራ አቁሞ አየር ወዳለበት መውጣት ነው። ዕድሜ ልኩን በተዘጋ ክፍል የሚቀባ ሰው ላይ ደግሞ የከፋ ይመጣል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስካንዲኔቪያ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ለረጅም ዓመታት ለእንዲህ ያለ ፈሳሽ የተጋለጡ ቀቢዎች የማስታወስና የማሰብ ችግር እንደሚገጥማቸው አሳይተዋል። እነዚያ አገሮች ቤት ውስጥ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ቀድመው እንዲለምዱ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። የአቧራ ማስክ ዱቄት ይከለክላል እንጂ እንፋሎት አያቆምም። ለእንፋሎት የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ሽታ የለውም ተብሎ የሚሸጠው አኳራጅም ሽታው ስለተነሳለት ብቻ ከጉዳት ነጻ አይደለም፤ መስኮቱ ለእሱም ይከፈት።

ቆዳ። ቀቢዎች ማታ እጃቸውን በአኳራጅ መታጠብ ልማድ አላቸው። ቀለሙን ያስለቅቃል፤ ግን የቆዳውንም ወዝ አብሮ ይወስዳል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቆጣል። የምግብ ዘይት እጅ ላይ አሽቶ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ሥራውን ይሠራል።

መዋጥ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አኳራጅ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው «ሃይላንድ» እያልን በምንጠራው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ጠርሙሱ የውሃ ነው፣ የተቀመጠው ወለል ላይ ነው። ለጠማው ሕፃን ውሃ ነው። አደጋው ሆድ ውስጥ ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ ሲዋጥ ወይም ሲያስመልስ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ያ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ አኳራጅ የጠጣን ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ወተት ጠጣ ብሎ ማስገደድም ማስመለስን ስለሚጋብዝ አይጠቅምም። ሕፃኑ ደህና ቢመስልም ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ ሳሉና የትንፋሽ እጥረቱ ሰዓታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

ሌላም ልብ የሚነካ ነገር አለ። ጫማ የሚጣበቅበት ማስቲሽ የአኳራጅ የስም ዘመድ ነው። ማስቲክ በግሪኳ በኪዮስ ደሴት የሚለቀም፣ የሚታኘክ የዛፍ ሙጫ ነው፤ ዛፉም የቴሬቢንት የቅርብ ወንድም ነው። የዚያ ጥሩ መዓዛ ያለው ሙጫ ስም ዛሬ ቶሉዊንን የመሰለ አሟሚ ለተቀላቀለበት ማጣበቂያ ሆኗል። በየመንገዱ ዳር ልጆች ረሃብና ብርድ ለመርሳት በፕላስቲክ ከረጢት የሚስቡትም እሱን ነው። አንጎልን፣ ልብንና ሳንባን ይጎዳል፤ በድንገትም ይገድላል። ለአንድ ልጅ ማስቲሽ ወይም ቲነር የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ምን እንደሆነ ያውቃል። እኛም ዝም ብለን አንለፍ።

ከሥራ በኋላ

ብሩሽ ያጠቡበትን አኳራጅ አይድፉት። ወደ ቱቦም ሆነ ወደ ቦይ የፈሰሰ አኳራጅ ወንዝና የጉድጓድ ውሃ ይበክላል፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥም እንፋሎቱ ይከማቻል። ክዳን ባለው የመስታወት ወይም የብረት ዕቃ አድርገው ያሳድሩት። ጠዋት ሲያዩት ቀለሙ ከሥር እንደ ጠላ አተላ ዘቅጦ፣ ከላይ ጥርት ያለው ቀርቶ ያገኙታል። ጥርት ያለውን በቀስታ አጥለው ለሚቀጥለው እጥበት ያስቀምጡ፤ ለማጠቢያ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። አዲስ ቀለም ለማቅጠን ግን አይጠቀሙበት። አተላውን ውጭ ከእሳት ርቆ እስኪደርቅ ጠብቀው እንደ ደረቅ ቆሻሻ ያስወግዱት።

ያን ዕለት ሌላ ሱቅ ሄጄ ትክክለኛውን ይዤ ተመለስኩ። በሩ ተቀብቶ ሲያልቅ ጠርሙሱ ግማሽ ያህል ቀርቶት ነበር። ጋሼ ብሩሻቸውን ከማጠባቸው በፊት አንድ ነገር አደረጉ። ጫፉ ላይ በቀረው ቡናማ ቀለም ከጠርሙሱ ሆድ ላይ በትልልቅ ፊደል «አኳራጅ። አይጠጣም» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ልጆች ከማይደርሱበት ከቆጡ ላይ አስቀምጥ ብለው ሰጡኝ።

ያ ጠርሙስ አሁንም ቆጡ ላይ አለ። ከጥድ ግንድ ተነስቶ፣ በጣሊያን በኩል አልፎ፣ ቋንቋችን ውስጥ የገባው ስም እዚያ በቡናማ ቀለም ተጽፏል። ስሙ ውስጡ ያለውን ነገር ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም፤ እኛ ስሙን አውቀን ጠርሙሱ ላይ ከጻፍነው ግን ቤታችንን ይጠብቃል። እርስዎም ዛሬ ጓዳዎን ይክፈቱና ስም የሌለው ጠርሙስ ካለ ይጻፉበት።